ከድሬ ተነስቶ ጁገልን በአንድ ቀን ማየት

ድሬ ያረፈ እንግዳ ሁሉ «ሐረርን ደርሼ ልምጣ» ይላል። ጥሩ። ግን አብዛኛው 5 ሰዓት ላይ ይደርሳል፣ የጁገል (በግንብ የታጠረችው የድሮዋ ሐረር) በር ጋ ፎቶ ይነሳል፣ ምሳ በልቶ ይመለሳል። እንደዛ ከሆነ ባትሄዱም ብዙ አልቀረባችሁም።

መጀመሪያ በጠዋት ውጡ። 1 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ከደረሳችሁ ሚኒባሱ ቶሎ ይሞላል። መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ነገር ግን የደንገጎ ጥምዝምዝ ሆድ ያላውሳል፣ ከቻላችሁ ጋቢና ያዙ። ወደ ሐረር ሊሄድ የታሰበውን ባቡር ያስቀረው ይሄው ዳገት ነው፤ ሀዲዱ በ1895 ዓ.ም. እታች ቆመ፣ ድሬዳዋም በዚያው ተቆረቆረች። ጃኬት አትርሱ። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የድሬን ሙቀት ለለመደ ሰው ጠዋቷ ይበርዳል። አወዳይ ላይ የጫቱን ግርግር በመስኮት አይታችሁ እለፉ፣ እዛ ከወረዳችሁ ቀኑ አለቀ።

ሐረር ስትደርሱ በሐረር በር ግቡ። መኪና የሚያስገባው እሱ ነው፤ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ካሠሩት ግንብ ጋር የነበሩት 5ቱ የጥንት በሮች ሌሎች ናቸው። ዋናው መንገድ ቀጥ ብሎ ፈረስ መጋላ አደባባይ ያወጣችኋል። ከዚያ በኋላ ስልካችሁን ኪስ ክተቱ። ጁገል 48 ሄክታር ብትሆን ነው፣ ብትጠፉስ የት ትደርሳላችሁ? 82 መስጊድ አለ፣ አንዱ ጋ ቆማችሁ ጠይቁ። ከፈረስ መጋላ «መኪና ግርግር» የሚባለውን የልብስ ሰፊዎች መንገድ ይዛችሁ ውረዱ። ስሙ ከልብስ ስፌት መኪና ድምፅ የመጣ ነው፤ ጨርቅ ገዝታችሁ ለአንዱ ሰፊ ከሰጣችሁት ከሰዓት በኋላ ልትረከቡ ትችላላችሁ።

መጨረሻው ጊዲር መጋላ የሚባለው ገበያ ነው። እዚህ ምግብ በእጃችሁ ይዛችሁ አትቁሙ። የሥጋ ተራው ጣሪያ በጭልፊት የተሞላ ነው። እኔ ሳምቡሳዬን አንዴ ገምጬ ዞር ከማለቴ ከእጄ መንጭቆ ሄደ፣ አውራ ጣቴንም ጫር አደረገኝ። ሥጋ ሻጩ ቢላውን እንደያዘ «አቦ፣ ግብሩን ነው የሰበሰበው!» ብሎ ሳቀብኝ።

አንድ የሐረሪ ቤት ሳታዩ እንዳትወጡ። አስጎብኚ ያዙ፣ ዋጋውን ግን በቅድሚያ ተነጋገሩ። ጫማ አውልቃችሁ ስትገቡ በቀይ አፈር የተቀባ ደረጃ ደረጃ መደብ ታያላችሁ፣ ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። ቀዩ ቀለም በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ላለቁት መታሰቢያ ነው ይባላል። ግድግዳው በሣር ስፌት ተሸፍኗል። ሙዚየሞቹን (የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት የሚባለውን ጨምሮ) ከምሳ በፊት ጨርሱ። ከሰዓት በኋላ ከተማው ጫት ላይ ይቀመጣል፣ ግማሹ ሱቅም ይዘጋል፣ የሚያናግራችሁም የለም። አርብ ከሆነ ደግሞ በጁምዓ ሰዓት ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ጅብ። የሚመገበው ሲመሽ ነው፣ 1 ሰዓት አካባቢ፣ ከግንቡ ውጭ። ያኔ ደግሞ የድሬ ሚኒባስ እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ ጠዋቱኑ ከአንድ ባለመኪና ጋር ለመልሱ ተነጋገሩ፣ አለዚያ እደሩ። ጅብ መጋቢዎቹ ሥጋውን በእንጨት ላይ አንጠልጥለው ይሰጧችኋል። አትጩኹ፣ እጃችሁን አትሰብስቡ። ጅቡ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይመጣል፣ ትንፋሹ ጉልበታችሁን ይነካዋል፣ ከዚያ ላፍ አድርጎ ይሄዳል። እስከ ድሬ ድረስ እጃችሁ ሥጋ ሥጋ ስለሚሸት ሶፍት ያዙ።