ፒንግ ይሠራል፣ ኤስኤስኤች ግን አይከፈትም፦ በሊኑክስ ላይ የሳብኔት ማስክ ስህተት

ይህ ጽሑፍ ኬብሉ መሰካቱን፣ የኔትወርክ ካርዱ መብራት መብራቱን እና አይፒ አድራሻው መሰጠቱን አረጋግጦ ለጨረሰ ሰው ነው።

ምልክት፦ ሰርቨሩ ኢንተርኔት ያገኛል፤ ከአንዳንድ ኮምፒውተሮች ጋር ያለ እንከን ይገናኛል። ወደ ሌሎቹ ግን ፒንግ ሲያደርግ (አለህ ወይ ብሎ ሲጠይቅ) መልስ እያገኘ ኤስኤስኤችም (ከሩቅ ገብቶ ትእዛዝ መስጫው) ሆነ ፋይል መላክ ሲሞክር ተንጠልጥሎ ይቀራል። በተደጋጋሚ የተጠራሁበት ብልሽት ይህ ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜም ጥፋቱ በካርዱ ላይ ተላክኮ ይጠብቀኛል። አንድ መሥሪያ ቤት ከመድረሴ በፊት ሁለት ካርድ ቀይሮ ነበር፤ የተጣሉት ሁለቱም ደህና ነበሩ።

መንስኤ፦ የሳብኔት ማስክ የትኞቹ አድራሻዎች በአንድ ኔትወርክ እንዳሉ ለማሽኑ የሚነግር ቁጥር ነው፤ /24 ወይም /23 ተብሎ ይጻፋል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ኔትወርኩ ይሰፋል። የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች ሲበዙና የ/24 ኔትወርክ የሚይዛቸው 254 አድራሻዎች ሲያልቁ፣ 10.10.4.0/24 የነበረው ወደ 10.10.4.0/23 ይሰፋል፤ በ10.10.5 የሚጀምሩትንም ይይዛል። አዲሶቹ ማሽኖች ማስካቸውን አድራሻን በራሱ ከሚያድለው ዲኤችሲፒ ሲቀበሉ፣ አድራሻው በእጅ የተጻፈለት አሮጌው ሰርቨር፣ 10.10.4.20፣ በ/24 ይረሳል። ሰርቨሩ 10.10.5.30ን በሌላ ኔትወርክ እንዳለ ስለሚቆጥረው ፓኬቱን (የመረጃውን ጥቅል) ወደ ሌላ ኔትወርክ ለሚያሻግረው ጌትዌይ ይሰጣል፤ 10.10.5.30 ግን ሰርቨሩን እንደ ጎረቤቱ ስለሚያየው መልሱን በቀጥታ ይልክለታል። ጌትዌዩ ግንኙነትን የሚከታተል ፋየርዎል ከሆነ፣ ሲን የተባለውን የመጀመሪያ ፓኬት ያሳልፋል፤ የሲን-አክ ምላሹ ግን በእርሱ በኩል ስላላለፈ፣ ተከትሎ የሚመጣውን የማረጋገጫ ፓኬት፣ አክን፣ መነሻው ያልታወቀ ብሎ ይጥለዋል። ፒንግ ግንኙነት መመሥረት ስለማያስፈልገው ያልፋል። ስለዚህ «ፒንግ ከሠራ ኔትወርኩ ደህና ነው» የሚለውን አባባል ፈጽሞ አትቀበሉ።

ማረጋገጫ፦ በሰርቨሩ ላይ «አይፒ ራውት ጌት 10.10.5.30» ብላችሁ ጠይቁ። በአንድ ኔትወርክ ላለ ማሽን «ቪያ 10.10.4.1» (በጌትዌዩ በኩል) የሚል መልስ ከመጣ ማስኩ ጠብቧል።

መፍትሄ፦ በመጀመሪያ 10.10.4.20/23ን በ«አይፒ አድር አድ» ጨምሩ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የ/24ውን አጥፉ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ! ብቸኛው አድራሻ ሲጠፋ የጌትዌይ ራውቱም (የመንገድ መመሪያው) አብሮ ይጠፋል። አንድ ባልደረባዬ በኤስኤስኤች ገብቶ አሮጌውን አስቀድሞ በማጥፋቱ፣ አንዲት መስመር ለመጻፍ ብቻ ወደ ሌላ ከተማ መጓዝ ነበረብን። በዚህ መንገድ የተደረገው ለውጥ ማሽኑ ዳግም ሲነሣ ስለማይኖር በማዋቀሪያ ፋይሉም ላይ መጻፍ አለበት። ኔትፕላን የተባለውን የኔትወርክ ማዋቀሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ «ኔትፕላን ትራይ» በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላጸደቃችሁት የቀድሞውን ይመልሳል፤ ከሩቅ ስትሠሩ ያለ እርሱ አትሞክሩ። በፋይሉም ውስጥ ታብ አታስገቡ።

ማስኩን ትቶ ለእያንዳንዱ ማሽን የተለየ ራውት መጨመር መፍትሄ አይደለም። አንድ ሰርቨር ላይ እንዲህ ያሉ 11 ራውቶች አግኝቻለሁ፤ አንዲቱን ቁጥር ከ24 ወደ 23 መቀየር ሁሉንም አላስፈላጊ አደረጋቸው።

አድራሻ ስትሰጡ ማስኩን ሳትጽፉ አትለፉ። «አይፒ» የተባለው ትእዛዝ ማስክ ሲያጣ /32 ይሰጣል፤ አሮጌው «ኢፍኮንፊግ» ግን በ10 ለሚጀምር አድራሻ 255.0.0.0ን ያደርጋል። ይህ፣ ማስክን በነጻነት የሚያስመርጠው የሲአይዲአር አሠራር እ.ኤ.አ. በ1993 የተካው፣ ማስክን ከአድራሻው የመጀመሪያ ቁጥር የሚወስነው የአድራሻ ክፍል ቅሪት ነው። ማስኩ 255.0.0.0 ሲሆን ስህተቱ ይገለበጣል፦ ማሽኑ በራውተር ማዶ ያለውን በ10 የሚጀምር አድራሻ ሁሉ ጎረቤቱ አድርጎ በኤአርፒ (የጎረቤትን የካርድ አድራሻ መጠየቂያ) ይጠራል፣ መልስ ያጣል፣ በ«አይፒ ኔይ» የጎረቤቶች ዝርዝርም «ፌይልድ» የሚል ይታያል።

ግንኙነቱ በየመካከሉ ቆረጥ ቀጠል የሚል ከሆነ ሌላ ማሽን ያንኑ አድራሻ ይዞ እንደሆነ በ«ኤአርፒንግ» ፈትሹ።

የጊጋቢት ካርድ በ100 ሜጋቢት ብቻ ከሠራ ኬብሉን ጠርጥሩ። ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ሽቦዎች ይፈልጋል፤ መዳብ ተቀብቶ የሚሸጠው የአሉሚኒየም ኬብል ደግሞ ሲታጠፍ በቀላሉ ስለሚሰበር፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ በግድግዳ ውስጥ አታስቀብሩት።