የገጸ ባሕርይን ችሎታ ደንብ አንብቦ የመተርጎም መመሪያ

እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄድ የሚና ጨዋታ ላይ ክርክር የሚያስነሣው ብዙውን ጊዜ ዳይሱ ሳይሆን የገጸ ባሕርይው ችሎታ የተጻፈበት አንቀጽ ነው። ተጫዋቹ ችሎታውን የሚያስታውሰው በስሙ ሲሆን፣ ስሙ የተሰጠው ግን ለታሪኩ ማማሪያ እንጂ ደንቡን ለማብራራት አይደለም። ይህ መመሪያ ማራኪ አካባቢም ሆነ ፒያሳ፣ በካፌም ሆነ በዶርም ተሰብስበው ለሚጫወቱ የጎንደር ልጆች የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት በ1974 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ከታተመው ከደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ በተለይም በ2014 ከወጣው አምስተኛው እትም ነው። መጽሐፉ የሌለው ሰው የዚህ እትም መሠረታዊ ደንብ በ2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለተለቀቀ በነጻ አውርዶ በስልኩ ሊይዘው ይችላል።

ጎንደር የትርጓሜ አገር ናት። በአንድምታ ጉባኤ መምህሩ ለአንዱ ንባብ «አንድም» እያሉ ምስጢር ይደራርባሉ፤ የላይ ቤትና የታች ቤት ትርጓሜ ጎን ለጎን መኖሩም ለተማሪው ሀብት እንጂ ችግር አይሆንበትም። የጨዋታ ደንብ ግን ይህን አይሸከምም፤ ዳይሱ ከመጣሉ በፊት አንዱ ንባብ ጸንቶ ሌላው መውደቅ አለበት። ቢሆንም ከጉባኤ ቤቱ ልንወስደው የሚገባ ልማድ አለ፤ ይኸውም ንባብ ከትርጓሜ መቅደሙ ነው። ክርክር ሲነሣ አንቀጹ ከመጽሐፉ ጮክ ተብሎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነበብ፤ ከቪዲዮ የተሰማው ወይም ባለፈው ዓመት ከሌሎች ጋር ሲጫወቱ የተለመደው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሲነበብ ደግሞ አራት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ ችሎታው መቼ እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚያስከፍል፣ በትክክል ምን እንደሚሰጥና መቼ እንደሚያበቃ። ከእነዚህ መካከል በብዛት የሚዘለለው የመጀመሪያው ነው፤ የሚገኘው ጥቅም ዓይን ስለሚስብ ቅድመ ሁኔታው ሳይነበብ ይታለፋል።

ለዚህ ሮግ የተባለው ሰርጎ ገብ ገጸ ባሕርይ ያለው ስኒክ አታክ (በስውር ማጥቃት)፣ ማለትም በምቱ ላይ ተጨማሪ ጉዳት የሚያደርስ ችሎታ፣ ጥሩ ማስረጃ ነው። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ሮጉ መደበቅ ወይም ከጀርባ መምጣት ያለበት ይመስለዋል፤ አንቀጹ ግን መደበቅን በቅድመ ሁኔታነት አላስቀመጠም። የሚጠይቀው መሣሪያው ፊነስ የሚባለው ባሕርይ ያለው (በጥንካሬ ፈንታ በቅልጥፍና ሊመቱበት የሚቻል) ወይም ከርቀት የሚመታ መሆኑን፣ እንዲሁም ተጫዋቹ አድቫንቴጅ ማግኘቱን፣ ማለትም ባለ 20 ገጹን ዳይስ ሁለት ጊዜ ጥሎ ከፍተኛውን መውሰዱን ነው። አድቫንቴጅ ባይኖረውም፣ ሌላ የዒላማው ጠላት ከዒላማው በ5 ጫማ ወይም በአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት ውስጥ ካለ፣ ይህም ጠላት አቅሙን ካላጣና በሮጉ ውርወራ ላይ ዲስአድቫንቴጅ (ሁለት ጊዜ ጥሎ ዝቅተኛውን መውሰድ) ከሌለ ችሎታው ይሠራል። የጨዋታ መሪው፣ ማለትም ታሪኩን የሚመራውና ደንቡን የሚዳኘው ሰው፣ ጀብዱውን ሊማሊሞ ላይ አድርጎት ሽፍቶች መንገድ ዘግተዋል እንበል። የሮጉ ጓድ የሆነው ባርባሪያን የተባለው ተዋጊ ከአንዱ ሽፍታ ጋር ተናንቆ ሳለ ሮጉ በጠራራ ፀሐይ ከመንገዱ መሐል ቆሞ ያንኑ ሽፍታ በቀስት ቢመታ ስኒክ አታኩ ይቆጠርለታል፤ መሪው «አይቶህ የለም እንዴ?» ቢለው ተጫዋቹ አንቀጹን ማሳየት ብቻ ይበቃዋል። በተቃራኒው ከድንጋይ ጀርባ ተደብቆ ቆይቶ በዱላ ቢመታ፣ ዱላ ፊነስ ስላልሆነ፣ አድቫንቴጅ ቢኖረውም አይቆጠርለትም።

በዚሁ አንቀጽ ውስጥ «በአንድ ተራ አንድ ጊዜ» የሚለው ገደብም በተራና በዙር መካከል ያለውን ልዩነት ያላስተዋለን ሰው ያሳስታል። ተራ የአንድ ተሳታፊ ብቻ ነው፤ ዙር ደግሞ የሁሉም ተራ ሲዳረስ የሚሞላው፣ በታሪኩ ውስጥ 6 ሰከንድ ያህል የሚቆጠረው ጊዜ ነው። ሮጉ በራሱ ተራ ስኒክ አታክ ከተጠቀመ በኋላ፣ ሽፍታው በራሱ ተራ ከአጠገቡ ሊሸሽ ሲል በሪአክሽኑ (በሌላ ሰው ተራም ሊወስደው በሚችለው ፈጣን ምላሽ) በጩቤ ቢመታው፣ ይህ የሽፍታው ተራ በመሆኑ ሌሎቹ ሁኔታዎች እስከተሟሉ ድረስ ችሎታው ዳግመኛ ይሠራል። ይህ ለመሪው የማጭበርበር ያህል ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ደንቡ «በዙር አንድ ጊዜ» አላለም። ኤክስትራ አታክ የተባለው ችሎታ በአንጻሩ ሁለተኛውን ምት የሚፈቅደው ተጫዋቹ በራሱ ተራ የአታክ አክሽን (የማጥቃት ድርጊት) ሲወስድ ብቻ እንደሆነ በግልጽ ስለሚናገር፣ በሪአክሽን ጊዜ ሁለት ጊዜ መምታት አይቻልም።

ሌላው መርሕ ችሎታው ከተጻፈው በላይ እንደማይሰጥ ማወቅ ነው። የባርባሪያን ሬጅ (ቁጣ) በጥንካሬ ፈተናዎችና በጥንካሬ የመከላከያ ውርወራዎች ላይ አድቫንቴጅ ይሰጣል፤ የማጥቃት ውርወራን ግን በዝርዝሩ ውስጥ አላስገባም። «የተቆጣ ሰው አጥብቆ ይመታል» የሚለው ክርክር ለጆሮ ቢጥምም መልሱ እዚያው አንቀጽ ውስጥ አለ፤ በጥንካሬ በሚሰነዘር የቅርብ ምት ላይ የጉዳት ጭማሪ ተሰጥቷል።

ጠቅላላው ደንብና የችሎታው አንቀጽ ሲጋጩ የሚጸናው ልዩ የሆነው አንቀጽ ነው። በጠቅላላው ደንብ መሠረት ከፋየርቦል (የእሳት ኳስ አስማት) ፊት የመከላከያ ውርወራው የተሳካለት ሰው ግማሽ ጉዳት ይደርስበታል፤ 7ኛ ደረጃ የደረሰ ሮግ ግን ኢቬዥን (ማምለጥ) የተባለው ችሎታ ስላለው ቢሳካለት ምንም አይነካውም፣ ባይሳካለትም ግማሹን ብቻ ይቀበላል።

የጉዳቱ ስሌት አጭር ነው። መጀመሪያ የሚቀነሰው ይቀነሳል፣ ከዚያ ሬዚስታንስ (የአንድን ዓይነት ጉዳት በግማሽ የሚቀንስ መከላከያ) ካለ ለሁለት ይከፈላል፣ ክፍልፋይ ከተገኘ ወደ ታች ይጠጋጋል። 24 ጉዳት በ5 ተቀንሶ 19 ሲሆን፣ ግማሹ 9 ነው። ለአንድ ዓይነት ጉዳት ሁለት ሬዚስታንስ መያዝም እንደ አንድ ይቆጠራል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጠረጴዛው የሚጠቀምበት እትም መታወቅ አለበት፤ በ2024 ደንቡ ተሻሽሎ ስለታተመ ሁለት ሰዎች ሁለቱም ትክክል ሆነው ሊከራከሩ ይችላሉና። በ2014ቱ መጽሐፍ ፓላዲን የተባለው ቅዱስ ተዋጊ ያለው ዲቫይን ስማይት (መለኮታዊ ምት) ምቱ ከተሳካ በኋላ ያለ ተጨማሪ አክሽን የሚጨመር ችሎታ ስለነበር፣ በአንድ ተራ ሁለቴ የመታ ፓላዲን ሁለቴ ሊጠቀምበት ይችል ነበር። በ2024ቱ ቦነስ አክሽን (ተጨማሪ ትንሽ ድርጊት) የሚወስድ አስማት ሆኗል፤ ቦነስ አክሽን በተራ አንድ ብቻ በመሆኑም ስማይቱ በተራ አንዴ ሆኖ ቀርቷል።

አንቀጹ ተነብቦም መልስ ካልተገኘ ውሳኔው የጨዋታ መሪው ነው። በእኔ እምነት ጉዳዩ ትንሽ ሲሆን ለተጫዋቹ መፍረድ ይሻላል፤ የተጫዋቹ ንባብ ችሎታውን ያለ ምንም ዋጋ ደጋግሞ ለመጠቀም የሚያስችል ከሆነ ግን መከልከሉ ተገቢ ነው። ውጊያው መሐል ላይ ግማሽ ሰዓት ገጽ ከማገላበጥ መሪው ወዲያው ወስኖ፣ ውሳኔውን በደብተር ጽፎ፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ቢያጣራው ይመረጣል። ስሕተት ሆኖ ከተገኘ እርማቱ የሚሠራው ከሚቀጥለው ጨዋታ ጀምሮ ነው፤ የሞተው ሽፍታ ሞቶ ይቀራል። ደብተሩም በመሪው ቤት ከሚቀመጥ በየጨዋታው ጠረጴዛው ላይ ቢገኝ፣ አዲስ የሚቀላቀል ተጫዋች ገጸ ባሕርይውን ከመምረጡ በፊት የትኛው ችሎታ በዚያ ጠረጴዛ እንዴት እንደሚነበብ አይቶ መወሰን ይችላል።