ልጆች ቁጥሮችን እንዲያወዳድሩና በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጡ እንዴት እናግዛቸው?

አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ እስከ 20 ሳያቋርጥ ሲቆጥር ስንሰማ ቁጥር ያወቀ ይመስለናል። ይሁን እንጂ ቁጥርን በቃል መውረድና የትኛው ቁጥር እንደሚበልጥ መለየት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፤ ሁለተኛው የሚገኘው በእጅ በሚዳሰስ ነገር ደጋግሞ በመለማመድ ነው።

እኔ በምኖርበት በኮዬ ፈጬ ጉሊት ድንችና ሽንኩርት በመደብ ስለሚሸጥ የመጀመሪያውን ልምምድ ከዚያ በመጣ አስቤዛ መጀመር ይቻላል። አንድ ቀን ማታ ለልጄ አራት ትልልቅ ድንቾችንና ስድስት የባቄላ ፍሬዎችን ለየብቻ ደርድሬ የትኛው እንደሚበዛ ስጠይቃት፣ ሳታመነታ ወደ ድንቹ ጠቆመች። በቋንቋችን «ትልቅ» የሚለው ቃል ለአካልም ለቁጥርም ስለሚያገለግል ልጅ በግዝፈቱ ቢፈርድ አይገርምም። ስለዚህ ስለ ዕቃ ስንጠይቅ «የትኛው ይበዛል?»፣ ስለ ቁጥር ስንጠይቅ ደግሞ «የትኛው ይበልጣል?» ማለትን እመርጣለሁ። መልሷን ከማረም ይልቅ በእያንዳንዱ ድንች ፊት አንድ አንድ ባቄላ እንድታስቀምጥ አደረግኋት። ሁለት ባቄላ ሲተርፍ «እነዚህ ጓደኛ የላቸውም» አለች፤ ስድስት ከአራት በሁለት እንደሚበልጥ የገባት ያኔ ነው። አምስት ቆርኪ አራርቀን፣ ሌላ አምስት አቀራርበን ስንደረድርም ብዙ ልጆች ረጅሙ ረድፍ ይበዛል ይላሉ። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ በሰፊው ያጠናው የዕድሜው ጠባይ ስለሆነ፣ ከመከራከር ይልቅ እንደገና አንድ ለአንድ ማዛመድ ይሻላል።

ለቅደም ተከተል ከካርቶን የተቆረጡ፣ ከ1 እስከ 10 የተጻፈባቸው ካርዶች ይበቃሉ። ዐሥሩንም በአንድ ጊዜ መስጠት ልጁን ስለሚያደናግር በ2፣ በ5 እና በ9 ይጀምሩ። ከትንሽ ወደ ትልቅ ከደረደራቸው በኋላ 7ን ይስጡትና «ይህ ከማንና ከማን መካከል ይገባል?» ብለው ይጠይቁት። በእኔ እምነት ቅደም ተከተልን ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው ይህ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ልጁ ቁጥሩን ከግራም ከቀኝም እንዲያወዳድር ያስገድደዋል።

ባለሁለት አሃዝ ቁጥር ላይ ሲደረስ የተለመደው ስህተት፣ 9ኝን አይቶ 19 ከ21 ይበልጣል ማለት ነው። ጫፋቸው የተሰበረ ስቴኪኒዎችን ዐሥር ዐሥር አድርገው በላስቲክ ይሰሩ፤ 19 አንድ እስርና ዘጠኝ ነጠላ፣ 21 ደግሞ ሁለት እስርና አንድ ነጠላ ይሆናል። «አሥራ ዘጠኝ» ሲባል ዐሥሩ ለጆሮ ይሰማል፤ «ሃያ» በሚለው ቃል ውስጥ ግን «ሁለት» ስለማይሰማ ልጁ በዓይኑ ማየት አለበት። መጀመሪያ እስሮቹ ይወዳደራሉ፤ እንደ 34 እና 37 እስሮቹ እኩል ከሆኑ ብቻ ወደ ነጠላዎቹ ይታለፋል።

የ> እና የ< ምልክቶች በመጨረሻ ይምጡ። በአማርኛ ግሱ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚመጣ፣ 7 > 4 የሚለውን ልጁ ከግራ ወደ ቀኝ ቃል በቃል ካነበበው «ሰባት ይበልጣል አራት» ይሆንበታል። አስቀድሞ «ሰባት ከአራት ይበልጣል» ብሎ ሙሉውን ይናገር፤ ቀጥሎ የተናገረውን በምልክት ይጻፈው፤ የጻፈውንም መልሶ በዚያው አነጋገር ያንብበው።