የድሮ የአየር ጠመንጃ ጎሚኒ ስትቀይሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥምቀት ሰሞን ደብረ ብርሃን ውስጥ መንገድ ዳር ኢላማ ከሚያስተኩሱት ልጆች አንዱ ጠመንጃውን በጆንያ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። «ጋሼ፣ ሞላው ደክሟል መሰለኝ፤ ጥይቱ ካርቶን እንኳ አልበሳ አለ። ጠንከር ያለ ሞላ አስገባልኝ» አለኝ። ፈታሁት። ሞላው ምንም አልሆነም። ፒስተኑ አናት ላይ አየር እንዳያልፍ የሚያፍነው ቆዳ (በሌሎቹ ላይ ጎሚኒ የምንለው) ግን እንደ ድርቆሽ ደርቆ ነበር፤ በጥፍሬ ጫር ሳደርገው እጄ ላይ ተፈረፈረ።

የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ላይ ነው። ጠመንጃው ሲደክም ሁሉም ሰው ሞላውን ይከሳል። ጥይቱን የሚገፋው ግን አየሩ ነው። ሞላው ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር ይጨምቃል፣ የተጨመቀው አየር በጠባቧ ቀዳዳ ወጥቶ ጥይቱን ይዞት ይሄዳል። ቆዳው ወይም ጎሚኒው አየሩን ካሳለፈ የፈለጋችሁትን ሞላ ብታስገቡ ዋጋ የለውም። የብስክሌት መንፊያ ውስጥ ያለችው ቆዳ ስትደርቅ ምን እንደሚሆን ታውቁ የለም? እጀታው ያለምንም ድካም ይወርዳል፣ ጎማው ግን አይነፋም። ጠመንጃውም ልክ እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ከመፍታታችሁ በፊት የሚያፈሰው የት እንደሆነ እወቁ። አፈሙዙ ወደ ታች ታጥፎ የሚቀባበል ዓይነት ከሆነ አፈሙዙና ሲሊንደሩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ ጎሚኒ ወይም ቆዳ አለች። መገጣጠሚያው ላይ ቁራጭ ሶፍት አስቀምጡና ጥይት ጎርሶ ወደ ኢላማው ተኩሱ። ሶፍቱ ብድግ ካለ አየሩ በዚያ በኩል እየወጣ ነው። መኪና ዕቃ መሸጫ ቤት ገብታችሁ ልኳ የሆነች ኦሪንግ (ቀለበት ጎሚኒ) ብትገዙ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ፒስተኑን መንካት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ይቺን ሳያዩ ሙሉውን ጠመንጃ በትነው፣ አዲስ ጎሚኒ አስገብተው፣ ጠመንጃው ያው እንደነበረው ሆኖባቸው ግራ የተጋቡ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ሁለተኛው ስህተት ሰው የሚጎዳው ነው። ሞላው ጠመንጃው ሳይቀባበልም ቢሆን ታፍኖ ነው የተቀመጠው። የኋላውን ፒን ወይም ቡሎን ዝም ብላችሁ ብታወጡት ሞላው ከነመዝጊያው ተፈናጥሮ ይወጣል፤ ዓይን ያጠፋል፣ ጥርስ ያራግፋል። መጀመሪያ ጥይት አለመጉረሱንና አለመቀባበሉን አረጋግጡ። ከዚያ አናጢዎች የተጣበቀ እንጨት የሚያስሩበትን ረጅሙን ክላምፕ ተዋሱ፣ አንዱን ጫፍ ከኋላው መዝጊያ ላይ፣ ሌላውን ከፊት በኩል ደግፋችሁ ጠበቅ አድርጉት፣ ፒኑ ጫና ሲለቀው በእጅ ይወጣል፣ ከዚያ ክላምፑን ቀስ እያላችሁ አላሉት። ክላምፕ ካላገኛችሁ ሥራውን ለሌላ ቀን አቆዩት። ጓደኛ ጠርቶ «አንተ በደረትህ ግፋው፣ እኔ ፒኑን ልምታ» ማለት የሚባል ነገር አለ። እባካችሁ አታድርጉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ልክ። ሰዎች የጠመንጃውን ስም ይጠሩና «የዲያና ጎሚኒ ስጠኝ»፣ «የቢኤስኤ ስጠኝ» ብለው ይገዛሉ። ዲያናን የሚሠራው የጀርመን ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1890 ነው፣ የእንግሊዙ ቢኤስኤ የአየር ጠመንጃ ማምረት የጀመረው በ1905 ነው (ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር)። በዚህ ሁሉ ዘመን ስንት ዓይነት እንደወጣ አስቡት። የሲሊንደሩ ስፋት በብዙዎቹ ላይ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ድረስ ይለያያል፣ በዚያ ላይ የቆየ ሲሊንደር ይበላል፣ ይዝጋል። ስለዚህ ካሊበር (የውስጥ ስፋት መለኪያ) ይዛችሁ የራሳችሁን ሲሊንደር ለኩ። አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከአፉ፣ ከመሐሉና ጥልቅ ብሎ ለኩት። ካሊበር ከሌላችሁ ቶርኖ ቤት ውሰዱት፣ በአንድ ደቂቃ ይለኩላችኋል።

ከለካችሁ በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። «ጠበቅ ያለ ጎሚኒ የበለጠ ያፍናል» የሚለው አስተሳሰብ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። የመጀመሪያዋን ዲያና ስሠራ ጎሚኒው እንዳያፈስ ብዬ ወፈር አድርጌ አስቆረጥኩት፣ ፒስተኑን በመዶሻ እጀታ እየመታሁ አስገባሁት። ስተኩስ ጥይቱ ከበፊቱ ባሰ። ሞላው ያለውን ጉልበት ፒስተኑን ለመጎተት ጨረሰው፣ ለአየሩ የተረፈው ጥቂት ነው። ሁለት ቀን የሠራሁትን መልሼ ፈታሁት።

ትክክለኛውን ልክ በእጅ ማወቅ ይቻላል። ሞላውን ተዉትና ፒስተኑን ብቻውን አዲሱን ጎሚኒ አልብሳችሁ ሲሊንደሩ ውስጥ ክተቱት። በሁለት ጣት ስትገፉት ትንሽ እየያዘ፣ ግን ሳይንገራገጭ መሄድ አለበት። ከዚያ የአየር መውጫ ቀዳዳዋን ከውጭ በጣታችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉና ፒስተኑን ግፉት። መጨረሻው ሳይደርስ አየሩ እንደ ትራስ ሆኖ ሲያቆመው ይሰማችኋል፣ እጃችሁን ስታነሱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጣታችሁን ከቀዳዳዋ ላይ ስታነሱ «ፉስ» ትላለች። ቀዳዳዋ ተዘግታ ፒስተኑ እስከ መጨረሻው ከገባ ያፈሳል ማለት ነው። ቀዳዳዋ ክፍት ሆና ለመግፋት መዳፍ ካስፈለጋችሁ ደግሞ ጠቧል፤ ዙሪያውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እያዞራችሁ ቀስ በቀስ አንሱለት። ሁለት ዙር አሽታችሁ ሞክሩ፣ እንደገና ሁለት ዙር። ከቀነሳችሁለት በኋላ መመለሻ የለውም።

የቆዳ ነገር ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም እኛ ዘንድ በፖስታ ጎሚኒ ከማስመጣት ቆዳ ማግኘት ይቀላል፣ የድሮዎቹ ጠመንጃዎችም ሲሠሩ በቆዳ ነው የተሠሩት። ስህተቱ ያገኙትን ቆዳ መቁረጥ ነው። የጃኬት ቆዳ፣ የጫማ የላይኛው ቆዳ አይሆንም፤ በክሮም የለፋ ስለሆነ አርሳችሁ ቅርጽ ብታስይዙት ሲደርቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የምትፈልጉት በዛፍ ቅርፊት የለፋ የበሬ ቆዳ ነው። 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይሁን። የቆየ ወፍራም ቀበቶ ወይም የድሮ ጫማ ሶል የሚሠራበት ቆዳ ብዙ ጊዜ ይሆናል። ክብ አድርጋችሁ ከሲሊንደሩ ስፋት ተለቅ አድርጋችሁ ቁረጡት። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ እስኪለሰልስ ዘፍዝፉት። ከዚያ ቀለበት የመሰለ ብረት ላይ አስቀምጡና በክብ እንጨት ግፉት፣ ዳርና ዳሩ ወደ ላይ ታጥፎ ትንሽ ሲኒ ይመስላል። እንደዚያው ታስሮ ጥላ ውስጥ ይደር። እሳት ዳር አታድርጉት! ደብረ ብርሃን ብርድ ነው ብላችሁ ከሰል አጠገብ ያስቀመጣችሁት ቆዳ ተኮማትሮና ተሰነጣጥቆ ነው የሚጠብቃችሁ። ሲደርቅ ጠርዙን በስለት አስተካክሉ፣ ከዚያ የቀለጠ ሞራ ለብ እያለ አጠጡት። በድሮ ጊዜም ሞራና ሰም ነበር የሚጠጣው።

አንድ ነገር ደግሞ። ቆዳውን ፒስተኑ ላይ የያዘችው ቪቴ ጭንቅላቷ ከቆዳው በላይ እንዳትወጣ። ከወጣች በእያንዳንዱ ተኩስ የሲሊንደሩን የፊት ግድግዳ እንደ መዶሻ ትቀጠቅጠዋለች።

ከሁሉም በላይ የሚረሳው፣ እኔም ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምናገረው፣ የሲሊንደሩ ስንጥቅ ነው። ማቀባበያው ዘንግ የሚመላለስበት ረጅም ስንጥቅ ከሲሊንደሩ ሥር አለ። ጠርዙ ፋብሪካ ሲቆረጥ እንደወጣ ነው የቀረው፣ በጣት ስትዳስሱት እንደ ምላጭ ይይዛችኋል። አዲሱን ጎሚኒ ስትከቱ በዚያ ስንጥቅ ላይ ማለፍ ግድ ነው። እናም ያ ሁሉ የተለካው፣ የታሸው ጎሚኒ ገና ሳይተኮስበት ከንፈሩ ይላጣል። ፒስተኑን መልሳችሁ ስታወጡት ከጎኑ ቀጭን ክር የመሰለ ፍርፋሪ ተንጠልጥሎ ታዩታላችሁ። በዚያች ክር ልክ አየር ይወጣል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ጠርዙን በትንሽ ሞረድ ስበሩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ ብናኙን በነጭ ጋዝ አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ስታስገቡ ደግሞ ከሃይላንድ ላይ ስስ ላስቲክ ቁረጡና ሲሊንደሩ ውስጥ ጠቅልላችሁ ስንጥቁን ሸፍኑበት፣ ጎሚኒው በላስቲኩ ላይ ተንሸራቶ ካለፈ በኋላ ላስቲኩን ሳቡት።

የሲሊንደሩን ውስጥ እንደ መስተዋት ማብለጭለጭም አያስፈልግም። ዝገቱ ይነሳ፣ ጭረቱ ይለስልስ፣ ይበቃል። ጥቃቅን መስመር ቢኖረው ቅባት ይይዝለታል።

ስለ ዘይት። እዚህ ላይ የሚጠፋው ጠመንጃ ይበዛል። ፒስተኑ አየሩን በቅጽበት ሲጨምቀው አየሩ በጣም ይግላል። እዚያ ውስጥ ዘይት ካለ ይቀጣጠላል፣ ልክ ናፍጣ ሞተር ውስጥ እንደሚሆነው። ጠመንጃው «ጧ» ይላል፣ አፈሙዙ ላይ ሰማያዊ ጭስ ይታያል፣ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ሰውየው ደስ ይለዋል፤ «በረታ!» ይላል። አልበረታም፣ እየፈነዳ ነው። ጎሚኒው ይቃጠላል፣ ሞላው ይሰበራል፣ ጥይቱም አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ እያለ ይመታል። የቆዳ ከሆነ አልፎ አልፎ ሁለት ሦስት ጠብታ የሲሊኮን ዘይት ይበቃዋል። የላስቲክ ወይም የቴፍሎን ከሆነ ከፊቱ ምንም አትቀቡ፣ ከጎኑ ብቻ ሞሊብዲነም ያለበት ግራሶ እንደ ጥላ ስስ አድርጋችሁ አሻሹት።

የኑግና የተልባ ዘይትንም ከዚህ አርቁ። ቤት ውስጥ ስላለ እጅ ወደዚያ ይሄዳል፣ አውቃለሁ። እነዚህ ዘይቶች አየር ሲያገኙ እየደረቁ ሙጫ ይሆናሉ። በተለይ ተልባ እንደ ቫርኒሽ ነው የሚደርቀው።

ሞላው ላይ ወፍራም የመኪና ግራሶ መጠቅጠቅም እዚህ አገር ላይ አይሠራም። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ በሚያድርበት ደጋ ያ ግራሶ እንደ ሰም ይጠጥራል፣ ፒስተኑም እየተጎተተ ነው የሚሄደው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ያው ጠመንጃ ሌላ ይሆናል። «ጠዋት ሰነፍ፣ ከሰዓት ጎበዝ» የሚባል ጠመንጃ ካላችሁ ግራሶውን ጥረጉለት።

ከፍታውንም አትርሱ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ያነሰ ነው ማለት ነው፣ ፒስተኑን መጨረሻ ላይ የሚቀበለው ትራስም ይሳሳል። ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዳችሁ 1,300 ሜትር አካባቢ ያለችው ሸዋ ሮቢት ብትተኩሱበት ይኸው ጠመንጃ የተለየ ጠባይ ያሳያል። ደጋ ላይ ጠንካራ ሞላ የምታስገቡ ሰዎች ይቺን አስቡባት። ፒስተኑ የሚያቆመው በቂ አየር ሳያገኝ ግድግዳውን ይመታል፣ ይነጥራል፣ ጠመንጃው እጃችሁ ላይ ይዘላል፣ አዲሱ ጎሚኒም ቶሎ ይደቆሳል። ፋብሪካው ያስገባለትን ዓይነት ሞላ መልሱለት። ሞላው ጠረጴዛ ላይ ስታንከባልሉት የሚወላገድ ከሆነ ብቻ በልኩ ቀይሩት።

ባዶ መተኮስ አይገባም። ጥይት ከሌለ አየሩን የሚይዘው የለም፣ ፒስተኑ በሙሉ ኃይሉ ግድግዳው ላይ ያርፋል። አንድ ሁለቴ «ልስማው» ብላችሁ የምትተኩሱት አዲሱን ሥራ ይጎዳል።

በሁለት ጥይትም አትፍረዱ። አዲስ ቆዳ ሲሊንደሩን እስኪለምድ ብዙ ጥይት ይፈልጋል፣ መጀመሪያ ላይ ደከም ሊል ይችላል። ለመለካት ከሁሉም የሚሻለው የጥይት ፍጥነት መለኪያ ነው። ግማሽ ግራም የምትመዝን ጥይት በሴኮንድ 200 ሜትር ብትሄድ 10 ጁል ጉልበት አላት፤ ፍጥነቷን ካወቃችሁ ሌላው ስሌት ነው። መለኪያ ከሌላችሁ የልብስ ሳሙና ግዙ። ከመፍታታችሁ በፊት በ5 ሜትር ላይ አምስት ጥይት ተኩሱበትና የገባችበትን ጥልቀት በክብሪት እንጨት ለኩ፣ ከጨረሳችሁ በኋላ በዚያው ዓይነት ሳሙና፣ በዚያው ርቀት፣ በዚያው ጥይት ድገሙት። ከሳሙናው ጀርባ አሸዋ የሞላ ጆንያ ይኑር፣ ልጆች ከአጠገቡ ይራቁ።

የዚያን ልጅ ጠመንጃ ከበሬ ቆዳ አዲስ ሠራሁለት፣ የቀድሞውን ሞላ መልሼ አስገባሁ። ከመዝጋቴ በፊት የሲሊንደሩን ስፋት፣ የቆዳውን ውፍረትና ቀኑን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ሰደፉ ውስጥ አኖርኩት። ቀጥሎ የሚፈታው ሰው ካሊበር ፍለጋ አይዞርም።