የጉማራን ፍሰት ከዝናብ፣ ከአፈር እርጥበትና ከኤልኒኖ ጋር አያይዞ እንዴት መተንበይ ይቻላል?

ሰኔ መግቢያ ላይ ጉና ተራራ ላይ 40 ሚሊሜትር ቢዘንብ ከዚያ የሚነሳው የጉማራ ወንዝ እምብዛም ላይሞላ ይችላል። ያው 40 ሚሊሜትር ነሐሴ ላይ ሲወርድ ግን በታችኛው የፎገራ ሜዳ ላይ የሩዝ ማሳ ሊያጥለቀልቅ ይችላል። ልዩነቱ ያለው አፈሩ ጋ ነው። ዝናብ ብቻ ካያችሁ አትደርሱበትም።

መጀመሪያ ወንዝ ምረጡ። የርብ ወንዝም ከጉና ነው የሚነሳው፤ ግን ግድብ ተሠርቶበታል። የምታዩት ለውጥ ከዝናቡ ይሁን ከግድቡ መለየት ራስ ምታት ነው። ለጀማሪ ጉማራ ይሻላል። የፍሰት መረጃውን ከውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ጠይቁ።

ለዝናብ ቺርፕስን (CHIRPS፣ ከሳተላይትና ከጣቢያ የተቀናበረ የዝናብ መረጃ) ውሰዱ። ነጻ ነው፤ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ አንዱ ነጥብ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ጎግል ኧርዝ ኢንጂን (የሳተላይት መረጃ በኢንተርኔት የሚሰላበት መድረክ) ላይ የተፋሰሱን አማካይ አውጡ፤ የቀረውን ኤክሴል ይበቃዋል። ዲፕ ለርኒንግ ምናምን ለጊዜው ይቆያችሁ።

ቀኑን ግን አጣሩ። ጣቢያ ላይ ዝናብ የሚነበበው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ስለዚህ "ዛሬ" ተብሎ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የትናንት ከሰዓትና የማታ ዝናብ ነው። የሳተላይት መረጃ ደግሞ ቀኑን የሚቆርጠው በግሪንዊች እኩለ ሌሊት፣ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የእኛና የፈረንጁ ካላንደር ሲጨመርበት አንድ ቀን መዛነፍ ቀላል ነው፤ ጉማራን ለመሰለ ትንሽ ወንዝ ደግሞ አንድ ቀን ብዙ ነው።

አሁን ዋናው ጣጣ፣ የአፈር እርጥበት። የናሳው ስማፕ (SMAP) ሳተላይት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይለካል፤ የሚያየው ግን የላይኛውን 5 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ሁለት ቀን ፀሐይ ከወጣ ላዩ ይደርቃል፣ ታቹ ግን እንደራሰ ነው። ጥሬውን ቁጥር ከተጠቀማችሁ ነሐሴ ላይ "አፈሩ ደርቋል" ይላችኋል። መፍትሔው እንዲህ ነው፦

የዛሬ እርጥበት = 0.9 × የትናንቱ + 0.1 × የዛሬው ልኬት

የትናንቱ 0.35 ቢሆንና ሳተላይቱ ዛሬ 0.20 ቢል፣ ውጤቱ 0.335 ይሆናል። ላዩ ቢደርቅም ታቹ አልተረሳም። 0.9 ወደ 10 ቀን ገደማ ያስታውሳል፤ 0.95 ደግሞ (ያኔ 0.1ው 0.05 ይሆናል) ወደ 20። ሁለቱንም ሞክራችሁ ከፍሰቱ ጋር የተሻለ የሚሄደውን ያዙ። ሳተላይቱ የሚመለሰው በሁለት ሦስት ቀን አንዴ ስለሆነ፣ ልኬት በሌለበት ቀን የትናንቱን ድገሙት።

ከዚያ የዘመኑን ዝቅተኛ 0፣ ከፍተኛውን 1 አድርጋችሁ ወደ አንድ ሚዛን አምጡት። ቀናቱን ደረቅ፣ መካከለኛና ርጥብ ብላችሁ ክፈሉ። ለእያንዳንዱ ከዝናቡ ምን ያህሉ ወንዝ እንደገባ ለብቻ አስሉ። በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ለማያያዝ አትሞክሩ። የፎገራን ዋልካ በበጋ ያየ ያውቀዋል፤ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። የመጀመሪያው ዝናብ እዚያ ገብቶ ይቀራል። አፈሩ አብጦ ስንጥቁ ሲገጥም ግን ውኃው ላይ ላዩን ይሄዳል።

ኤልኒኖን፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ላይኛው ውኃ ከወትሮው በላይ የሚሞቅበትን ክስተት፣ በመጨረሻ አስገቡ። በኤልኒኖ ዓመት የሰሜንና የመካከለኛው ደጋ ክረምት ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል፤ 2015 እ.ኤ.አ. ምስክር ነው። ግን የውቅያኖሱን ሙቀት በቀጥታ ከወንዙ ጋር አታያይዙ። ከዛሬው የአፈር እርጥበት ተነሱና ከ1981 ወዲህ ያሉትን የየዓመቱን ክረምቶች ዝናብ በየተራ አዝንቡበት። ዝናብ እርጥበቱን ይጨምር፣ ትነት ይቀንሰው። ከላይ ለደረቅ፣ ለመካከለኛና ለርጥብ ባሰላችሁት ድርሻ ዝናቡን ወደ ፍሰት ስትቀይሩት አርባ ምናምን የፍሰት መስመር ታገኛላችሁ። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት "ከመደበኛ በታች" የሚለውን ዕድል ከፍ ካደረገ፣ ለደረቆቹ ዓመታት የበለጠ ክብደት ስጡ። ከግንቦት በፊት የወጣ የኤልኒኖ ትንበያን ግን በጥርጣሬ እዩት፤ በዚያ ወቅት ደካማ ነው።

ስትፈትኑት የናሽ-ሰትክሊፍ ነጥብ (ትንበያው ከተለካው ፍሰት ጋር ምን ያህል እንደገጠመ የሚያሳይ መለኪያ፤ 1 ፍጹም ነው) ከፍ አለ ብላችሁ አትደሰቱ። ጉማራ በየክረምቱ ሞልቶ በየበጋው የሚቀንስ ወንዝ ስለሆነ፣ የእያንዳንዱ ቀን የብዙ ዓመት አማካይ ራሱ ጥሩ ነጥብ ያመጣል። መብለጥ ያለባችሁ እሱን ነው። ለዚህ 2015ን ከስሌቱ ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ ለፈተና አቆዩት።