ስማችሁን ሌላ ሰው ዶሜይን አድርጎ ሲይዘው እንዴት ታስመልሱታላችሁ?

ስም አውጥታችሁ፣ ሎጎ አሠርታችሁ፣ ደንበኛ አፍርታችኋል። አሁን ዌብሳይት እንክፈት ስትሉ ዶሜይኑ፣ ማለትም የዌብሳይቱ አድራሻ የሚሆነው የራሳችሁ ስም፣ ከነዶት ኮሙ ተይዟል። የያዘው ሰው ምንም አይሠራበትም። ሽጥልን ሲባል ግን ብዙ ሺህ ዶላር ይጠራል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጥና ስሙ ላይ ሰረዝ ወይም አንድ ቃል ጨምሮ ሌላ ይገዛል። እኔ ይሄን አልመክርም። ደንበኛው በልማድ የሚጽፈው ዋናውን ስም ነው፤ የሚሄደውም ወደዚያ ሰው ገጽ ነው። ደግሞም መንገድ አለ። የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተባብረው አይካን በ1999 የዶሜይን ክርክር የሚዳኝበት ዩዲአርፒ የሚባል ደንብ አውጥቷል (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዶት ኮም፣ ዶት ኔት ወይም ዶት ኦርግ የሚገዛ ሁሉ፣ ውሉን ያንብበውም አያንብበውም፣ በዚህ ደንብ ለመዳኘት ተስማምቶ ነው የሚገዛው። ስለዚህ ሰውየው ቴክሳስ ይሁን ሻንጋይ፣ አገሩ ድረስ ሄዳችሁ መክሰስ አይጠበቅባችሁም።

የአገር ዶሜይኖች ግን የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ዩዲአርፒን የተቀበሉት የተወሰኑት ናቸው። የኢትዮጵያን ዶት ኢቲ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ ጥያቄያችሁን መጀመሪያ ወደዚያ ውሰዱ። ከዚህ በታች ያለው ስለ ዶት ኮምና መሰሎቹ ነው።

1. ለሰውየው ከመጻፋችሁ በፊት ማስረጃ ሰብስቡ

ገጹ ላይ ያለውን ሁሉ ቀኑ በሚታይበት ስክሪንሾት አስቀሩ። ማስታወቂያ አለው? የተፎካካሪያችሁን ዕቃ ይሸጣል? «ይህ ስም ለሽያጭ ቀርቧል» ይላል? የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ገብታችሁ የድሮ ገጾቹንም እዩ። ቀድማችሁ ተቆጥታችሁ ከጻፋችሁለት፣ በማግስቱ ገጹን አጽድቶ «ስለ ግጥም የምጽፍበት ነው» ሊላችሁ ይችላል።

ዋጋ የጠራበትን ኢሜይል በፍጹም እንዳታጠፉ። በኋላ ትልቁ ማስረጃችሁ ሊሆን ይችላል።

2. መቼ እንደተመዘገበ እዩ

አይካን የዶሜይን ምዝገባ የሚታይበት ነፃ መፈለጊያ ገጽ አለው። ከ2018 ወዲህ የባለቤቱ ስም ብዙ ጊዜ ተደብቆ ነው የሚታየው፤ ይሄ አያስጨንቃችሁ። አቤቱታው ሲገባ ሬጂስትራሩ፣ ማለትም ዶሜይኑን የሸጠው ድርጅት፣ ማንነቱን ለዳኝነት ተቋሙ ይገልጻል። እናንተ የምትፈልጉት የምዝገባውን ቀን ነው።

3. የንግድ ምልክት እንዳላችሁ አረጋግጡ

ንግድ ፈቃድ ላይ ያለው የንግድ ስም የንግድ ምልክት አይደለም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ምልክት የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ሕጉ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ሲሆን (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው)፣ ምዝገባው ለ7 ዓመት ያገለግላል፤ ይታደሳልም። ለዩዲአርፒ የየትኛውም አገር ምልክት ይሠራል። ምልክታችሁ አዲስ አበባ የተመዘገበ ነው ተብሎ አቤቱታችሁ አይጣልም።

ሳያስመዘግቡም መከራከር ይቻላል። ግን ስማችሁ በሕዝብ ዘንድ የናንተ መለያ ሆኖ መታወቁን ማሳየት አለባችሁ። በ2000 ተዋናይቷ ጁልያ ሮበርትስ በስሟ የተያዘውን ዶሜይን ያስመለሰችው እንዲህ ነው። በዚያው ዓመት ዘፋኙ ስቲንግ ሞክሮ ተሸንፏል። ቃሉ ተራ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ዶሜይኑን የያዘው ሰውም ከሱ ጋር በተያያዘ በክፉ ልቦና ስለመያዙ አልተረጋገጠም። ይሄ እኛን በቀጥታ ይነካናል። ሱቃችሁ «ሉሲ»፣ «አቢሲኒያ» ወይም «ሸገር» ከሆነ ስንት ሰው በዚህ ስም እንደሚነግድ አስቡት። ሰውየው ያነጣጠረው እናንተ ላይ መሆኑን ማሳየት ይከብዳችኋል።

4. ሦስቱን ነጥቦች አስረዱ

ሦስቱንም ነው፤ አንዱ ከጎደለ ትሸነፋላችሁ። አንደኛ፣ ዶሜይኑ ከምልክታችሁ ጋር አንድ መሆኑን ወይም እስኪያደናግር መመሳሰሉን። ሁለተኛ፣ የያዘው ሰው በስሙ ላይ መብት ወይም ሕጋዊ ጥቅም እንደሌለው። ሦስተኛ፣ ያስመዘገበውም የሚጠቀምበትም በክፉ ልቦና መሆኑን።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ሁለተኛው ላይ የኒሳንን ጉዳይ አስታውሱ። በ1994 ኒሳን ዶት ኮምን ያስመዘገበው ሰው የቤተሰብ ስሙ ኒሳን ነው፤ በዚያው ስም የኮምፒውተር ሥራ ነበረው። የመኪናው ኩባንያ በ1999 አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰው። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ ኩባንያው ግን ዶሜይኑን ሳያገኝ ቀረ። ጉዳዩ በዩዲአርፒ የታየ ባይሆንም ሐሳቡ እዚህም ይሠራል። በገዛ ስሙ በቅንነት የሚሠራን ሰው ትልቅ ስለሆናችሁ ብቻ አትነቅሉትም።

ሰው የሚወድቀው ሦስተኛው ላይ ነው። ያዘጋጀኋቸውም ያነበብኳቸውም አቤቱታዎች ብዙውን ገጽ የሚጨርሱት «ስሙ የኛ ነው፣ ለፍተንበታል» እያሉ ነው። ዳኛው የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ ይህ ሰው ስሙን በያዘበት ቀን እናንተን ያውቃችሁ ነበር ወይ?

እስቲ ቀኖቹን እናስቀምጣቸው። እሱ ያስመዘገበው በ2015 ነው። እናንተ ድርጅቱን የከፈታችሁት በ2019 ነው። ያልተወለደን ልጅ ስም ሰረቀ ተብሎ ማንም አይከሰስም። ዛሬ ላይ 20,000 ዶላር ቢጠይቃችሁም አብዛኛውን ጊዜ አቤቱታው ይወድቃል፤ ምክንያቱም ሲያስመዘግብ በናንተ ላይ ያሰበው ክፋት ሊኖር አይችልም። ለየት የሚለው ሊከፈት ነው ተብሎ በሰፊው የተወራለትን ድርጅት ስም ሮጦ የመዘገበ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ዶሜይኑ መጀመሪያ የተመዘገበበት ቀንና አሁን ያለው ሰው የያዘበት ቀን የግድ አንድ አይደሉም። ስሙ በ2010 ተመዝግቦ እሱ በ2021 ከሌላ ሰው ገዝቶት ከሆነ የሚቆጠረው 2021 ነው። ስለዚህ የድሮ ቀን አይታችሁ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። በአርካይቭ ላይ ገጹ መቼ እንደተለወጠ፣ ቋንቋውና ዕቃው መቼ ሌላ እንደሆነ ፈትሹ። በተቃራኒው ዓመታዊ ዕድሳት እንደ አዲስ ምዝገባ አይታይም።

ክፉ ልቦናን ደንቡ ራሱ በምሳሌ ዘርዝሮታል። ስሙን ካወጣበት ወጪ በላይ ለናንተ ወይም ለተፎካካሪያችሁ ለመሸጥ ብሎ የያዘ፣ የሌሎችን ምልክት መያዝ ልማዱ የሆነ፣ የተፎካካሪውን ንግድ ለማወክ የመዘገበ፣ ደንበኛችሁን አደናግሮ ወደ ራሱ ገጽ በመሳብ የሚያተርፍ። ገጹ ባዶ ቢሆንስ? እሱም አያድነውም። በ2000 በአውስትራሊያው ቴልስትራ ጉዳይ፣ በጣም የታወቀን ስም ምንም ሳይሠሩበት ይዞ መቀመጥም እንደ ሁኔታው ክፉ ልቦና ሊባል እንደሚችል ተወስኗል።

ዌብሳይት ሠሪው በራሱ ስም ካስመዘገበውስ?

እኛ ጋ በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ልጁ ዌብሳይቱን ሠራ፣ ዶሜይኑን በራሱ አካውንት ገዛ፣ በኋላ በክፍያ ተጣላችሁ። በጣም ያናድዳል። ግን ዳኞቹ እንዲህ ያለውን የውል ክርክር ነው ብለው ብዙ ጊዜ ይመልሱታል፤ ያስመዘገበው በናንተው ፈቃድ ነውና። የከፈላችሁበትን ደረሰኝና የቴሌግራም መልእክቱን ይዛችሁ፣ ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሰው መሃል አስገብታችሁ ተነጋገሩ። ካልሆነ መንገዱ መደበኛ ፍርድ ቤት ነው።

5. አቤቱታውን አስገቡ

የሚቀበሉት አይካን የፈቀደላቸው ተቋማት ናቸው። የሚታወቀው ጄኔቭ ያለው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ ዋይፖ ነው። ለ1 ዳኛና ከ1 እስከ 5 ዶሜይን 1,500 ዶላር፣ ለ3 ዳኞች 4,000 ዶላር ያስከፍላል። የአቤቱታ ቅጹ ድረ ገጹ ላይ በነፃ አለ። ሁሉም በኢሜይል ነው፤ ጠበቃ ግዴታ አይደለም። ቋንቋው የሬጂስትራሩ ውል የተጻፈበት ነው፤ ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆናል።

ሰውየው ለመልስ 20 ቀን አለው። ዳኛው ከተሾመ በኋላ በመደበኛው በ14 ቀን ይወስናል። ካሸነፋችሁ ሬጂስትራሩ 10 የሥራ ቀን ይጠብቃል፤ በዚያ ውስጥ ተሸናፊው ፍርድ ቤት ካልሄደ ስሙን ያስተላልፋል። ካሳ ግን የለም፤ ስሙ ይተላለፋል ወይም ይሰረዛል እንጂ ገንዘብ አይፈረድም።

ሒሳቡንም አስሉ። ሰውየው 300 ዶላር ብቻ ከጠየቀ 1,500 ከፍሎ መከራከር ምን ያደርጋል? ከኢትዮጵያ ሆኖ ዶላር መክፈል ራሱ ሌላ ሥራ ነው። ግዙት፤ ግን ገንዘቡን በእስክሮው፣ ማለትም ስሙ እጃችሁ እስኪገባ ገንዘቡን በሚይዝ ሦስተኛ ወገን፣ በኩል እንጂ በቀጥታ አትላኩ። ደግሞ ጉዳያችሁ ደካማ እንደሆነ እያወቃችሁ ሰውን ለማስፈራራት አታስገቡ። ዳኛው ስም ልትቀሙ ሞክራችኋል ብሎ ውሳኔው ላይ ሊጽፍባችሁ ይችላል፤ ውሳኔዎቹም በይፋ ይወጣሉ።

6. ስሙ እጃችሁ ሲገባ

በዚያው ቀን በድርጅታችሁ ስምና ኢሜይል በተከፈተ አካውንት አስገቡት። የሠራተኛ ወይም የወንድም ኢሜይል አይሁን። ስሙ ያለፈቃዳችሁ ወደ ሌላ እንዳይተላለፍ የዝውውር መቆለፊያውን አብሩ፣ ራሱን እንዲያድስ አድርጉት፣ የተመዘገበው ካርድም ጊዜው አለማለፉን እዩ። ሳይታደስ ቀርቶ ከተሰረዘ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለው፤ ክፍያው ግን ከመደበኛው ዕድሳት በጣም ይበልጣል። ከዚያ ካለፈ ማንም ሊገዛው ይችላል።