የመጀመሪያውን የዩኒቨርሲቲ ዓመት በድሬዳዋና በሐረማያ እንዴት መጀመር ይቻላል?

ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተመድበው የሚመጡ አዲስ ተማሪዎች አብዛኞቹ በየትምህርት ቤታቸው ጎበዝ የተባሉ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ብዙዎቹን የሚያስቸግራቸው፣ እስከዚያ ድረስ ወላጅ፣ መምህርና የትምህርት ቤት ደወል ይሠሩላቸው የነበረውን ሥራ በአንድ ጊዜ ብቻቸውን መረከባቸው ነው ብዬ አምናለሁ። ክፍል ብትቀሩ ወደ ቤት የሚደውል የለም፤ ማታ ሳታነቡ ብትተኙም የሚጠይቃችሁ አይኖርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ዋና ሥራ የራሳችሁን ሥርዓት መትከል ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከኮርስ አውትላይን ነው። መምህሩ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሚሰጣችሁ ይህ ወረቀት ምዕራፎቹን፣ የፈተናዎቹን ጊዜና እያንዳንዱ ምዘና የሚይዘውን ነጥብ ያሳያል። የሁሉንም ኮርሶች ኩዊዝ (አጭር ፈተና)፣ ሚድ (የመንፈቅ አጋማሽ ፈተና) እና አሳይመንት (የቤት ሥራ) በአንድ የቀን መቁጠሪያ ላይ ገልብጡና አልጋችሁ አጠገብ ለጥፉት፤ ሦስት ፈተና በአንድ ሳምንት የሚገጥምበትን ጊዜ አስቀድማችሁ ታያላችሁ። ከአጠቃላይ ውጤቱ ትልቅ ድርሻ ያለው ከፋይናል (ከመንፈቁ ማብቂያ ፈተና) በፊት በሚሰጡ ምዘናዎች ላይ ስለሆነ፣ «ፋይናል ላይ አካክሰዋለሁ» የሚለው ሐሳብ ብዙዎችን ጎድቷል።

እንደ ሎጂክ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ ወይም የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ያሉትን የጋራ ኮርሶች «ከዲፓርትመንቴ ጋር ምን አገናኛቸው» ብሎ ማቃለል ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። የዲፓርትመንት ምደባ የሚደረገው የመጀመሪያውን ዓመት ውጤት በማየት በመሆኑ፣ የምትመኙት ዲፓርትመንት በር የሚከፈተው በእነዚሁ ኮርሶች ነው። ስሌቱን ከመጀመሪያው ማወቅ ይጠቅማል። እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት (የኮርሱ ክብደት መለኪያ) የሆኑ 6 ኮርሶች ወስዳችሁ በሁሉም ቢ (3 ነጥብ) ብታገኙ አማካይ ነጥባችሁ 3.00 ይሆናል፤ ከመካከላቸው በአንዱ ብቻ ዲ (1 ነጥብ) ብታገኙ ግን ወደ 2.67 ይወርዳል። በሚቀጥለው መንፈቅ በተመሳሳይ ክሬዲት ወደ 3.00 ለመመለስ 3.33 ማምጣት ይኖርባችኋል። አንድ የተናቀ ኮርስ የሚያስከፍለው ይህን ያህል ነው።

ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሌክቸር ሙሉ በሙሉ አለመረዳት የሚያሳፍር አይደለም። ከክፍል በፊት የዕለቱን ርዕስ ከሞጁሉ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል አንብቡ፤ ያልገባችሁን ቃል አስቀድማችሁ ፈልጉ። በዚያው ቀን ማታ ደግሞ የጻፋችሁትን ማስታወሻ ሳታዩ፣ የተማራችሁትን በራሳችሁ አባባል፣ ቢያስፈልግ በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ፣ ለዶርም ጓደኛችሁ አስረዱ። ማስረዳት የተሳናችሁ ቦታ ላይ ምልክት አድርጉና መምህሩን በቢሮ ሰዓቱ ጠይቁ። ከሲኒየር ተማሪዎች የሚገኙ የቆዩ ፈተናዎች ለልምምድ ጥሩ ናቸው፤ ሞጁሉን ተክተው ሲነበቡ ግን ጥያቄው በተለወጠ ዓመት ባዶ እጅ ያስቀራሉ።

አሁን ስለ አካባቢው ልናገር፤ አጠቃላይ ምክሮች ይህን ይዘሉታልና። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላማ ከተማ ስትሆን ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ የሁለት ሰዓት መንገድ እንኳ ሳይራራቁ ለአንዱ ስስ አንሶላ፣ ለሌላው ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ያስፈልጋል። በድሬዳዋ ኅዳርና ታኅሣሥ ደስ የሚል አየር ስላለው አዲስ ተማሪ በሙቀቱ ብዙም ሳይፈተን ይጀምራል። ግንቦትና ሰኔ ሲመጡ ግን ሙቀቱ ይበረታል፤ የትምህርት ዘመኑ አቆጣጠር ካልተዛባ የሁለተኛው መንፈቅ ፋይናል የሚያርፈውም እዚያው ላይ ነው። ከባዱን ንባብ እስከ ሚያዝያ ጨርሱ፤ ለግንቦት ክለሳውን ብቻ አስቀሩ። ከቀኑ ደግሞ ጎህ ሲቀድና አመሻሽ ላይ አጥኑ፤ እኩለ ቀን ላይ ለማረፍ ማፈር አያስፈልግም፤ ከተማው ራሱም የሚያርፍበት ሰዓት ነው።

ድሬዳዋ የወባና የዴንጊ ትኩሳት ሥጋት ያለባት ከተማ ናት፤ በ2014 ዓ.ም. የተነሣው የወባ ወረርሽኝ የዩኒቨርሲቲውን ተማሪዎችም ነክቷል። ወባን የምታስተላልፈው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ በውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ስለምትራባ፣ በዶርማችሁ የምታስቀምጡትን ባልዲና ጀሪካን ክደኑ፤ አጎበርም ተጠቀሙ። ትኩሳት ሲጀምራችሁ ዴንጊ አለመሆኑ ሳይረጋገጥ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አትውሰዱ፤ ደም ሊያፈስሱ ስለሚችሉ በቀጥታ ወደ ክሊኒክ ሂዱ።

ጫት በዚህ አካባቢ የቆየ የማኅበራዊ ሕይወት ክፍል ነውና የሚቅመውን ሰው መናቅ አይገባም። «ለጥናት ይረዳል» ተብላችሁ ወደ በርጫ (ጫት ወደሚቃምበት ስብስብ) ስትጋበዙ ግን በትሕትና እምቢ እንድትሉ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሣችኋል፤ በማግስቱ ድካምና ድብርት ይዞ ይመጣል፤ ያን ለማስወገድ ደግሞ እንደገና ይቃማል። ያነበባችሁት በአእምሯችሁ የሚረጋው ስትተኙ ስለሆነ፣ እንቅልፍ ያጣ ጥናት በፈተና ቀን ይከዳል።

በዶርም ከልዩ ልዩ ክልል ከመጡ ተማሪዎች ጋር ስትኖሩ ስለ መብራት፣ ስለ ድምፅና ስለ ጽዳት ቅሬታ ሳይጠራቀም በመጀመሪያው ሳምንት ተነጋገሩ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ በሚነገሩበት በዚህ አካባቢ ሰላምታውን ብቻ እንኳ መልመድ ከባጃጅ ሾፌሩም ከባለ ሱቁም ጋር ያቀራርባል። ትንኮሳ የሚያጋጥማት ሴት ተማሪ ለብቻዋ እንዳትሸከመው፤ ለዩኒቨርሲቲው የሴቶች ጉዳይ ክፍል ታመልክት።

ከሁሉ ይልቅ ግን በችግር ጊዜ ዝም ብሎ መጥፋት ይጎዳል። ታምማችሁ ፈተና ካመለጣችሁ የሕክምና ማስረጃ ይዛችሁ ሳትዘገዩ መምህሩንና ዲፓርትመንቱን አሳውቁ። ትምህርቱን ማቋረጥ ግድ ከሆነም ሻንጣ ይዞ ከመሄድ በፊት በሬጅስትራር የዊዝድሮዋል ቅጽ ሞልታችሁ ማረጋገጫውን ተቀበሉ፤ በወጉ ያቋረጠ ተማሪ ለመመለስ የሚያመለክትበት ሕጋዊ መንገድ አለው፤ ሳያሳውቅ የሄደ ግን ኤፍ (የመውደቂያ ውጤት) ተመዝግቦበት ሊጠብቀው ይችላል።